ወልጋዳው ክራንቻ

ሰኞ፣ 3

ይህ ደብተር የሥራ መዝገብ አይደለም። የሥራ መዝገቤ ሌላ ነው፤ እዚያ የምጽፈው የማን አፍ መቼ እንደተለካ፣ የማን ድድ የት ላይ እንደቆሰለ ብቻ ነው። ይኸኛውን የጀመርሁት ልጄ ያዘጋጀችው ተከታታይ ድራማ ዓርብ ምሽት ስለሚጀምር ነው። ሰው ስለ ክፍል አንድ የሚለውን ሁሉ እዚህ አሰፍራለሁ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

ድራማው የቫምፓየር ነው። አንዲት ሴት ሻንጣ ይዛ ወደ አንድ ሠፈር ትመጣለች፣ ክፍል ትከራያለች፣ ከጎረቤት ጋር ትግባባለች፣ ከዚያ ደማቸውን ትመጥጣለች። ከሦስት ወር በፊት ታሪኩን ስትነግረኝ፣ "ለዚህ ነው የተማርሽው?" አልኋት። እሷም፣ "ለምን እንደተማርሁ ሌላ ቀን እንጣላበታለን። አሁን ጥርሷን ማን ይሥራልኝ?" አለች።

ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። አርባ ስድስቱን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠርቼበታለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍና የራሴ ስሕተት አስተማሩኝ። "በዚህ ሙያ ጥርሴን ነቅያለሁ" ስል ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ቀልዴን አይደለም። ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ በቀይ ቀለም የጻፍሁት ሕግ ተሰቅሏል፦ "የአንድ ሰው አፍ ለሌላ ሰው አይሆንም።" አንዲት ሴት የሟች ባሏን ጥርስ ይዛ መጥታ ለወንድሜ አስተካክልልኝ ብትለኝ፣ ሕጉን በጣቴ አሳይቼ መልሻታለሁ።

ልጄ እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ ይኸው አራት ዓመት፣ በወር አንድ ጊዜ ትደውላለች። "ደኅና ነህ?" "ደኅና ነኝ።" "መድኃኒትህን ትወስዳለህ?" "እወስዳለሁ።" በቃ። ይህ ጥርስ ከመጣ በኋላ ግን በሳምንት ሁለቴ እየመጣች ከጠረጴዛዬ ማዶ ትቀመጣለች። ጣቢያው ለሙከራ የተቀበላት ሦስት ክፍል ብቻ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ይታያል። ሰው ከወደደው ይቀጥላል። ካልወደደው ድራማውም ይቀራል፣ ልጄም ወደ ወር አንዴዋ ትመለሳለች።

ረቡዕ፣ 5

ተዋናይቷ መጣች። ረጅም፣ ፈጣን፣ ቁጭ ማለት የማትችል ልጅ ናት። ክፍል ሁለትን እየቀረጹ ነው፤ ጥርሱ አልተመቻትም።

"አባባ፣ ይቺ የግራ ክራንቻ ከንፈሬን ትይዝብኛለች።"

"ትያዝ።"

"ትንሽ ቢሞርዷትስ?"

"አልሞርዳትም።"

"ኧረ አባባ! ቫምፓየር ሆንኩ እንጂ እስረኛ አልሆንኩም እኮ!"

ብላ ሳቀች። ስትስቅ እጇ ሽው ብሎ ወደ አፏ ሄደ። ማንም አላስተማራትም። ክራንቻዋ ወልጋዳ ስለሆነች ከንፈሯን ታነሣለች፤ ከንፈር ሲነሣ እጅ ይከተላል። የሥራው ጠባይ ነው።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጀሶ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ዓርብ፣ 7፣ ምሽት

መሽቷል። ቢሆንም አሁኑኑ ካልጻፍሁት ነገ አሳምረዋለሁ።

ያየሁት ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ነው። የእኔ ቴሌቪዥን ድምፅ እንጂ መልክ የለውም። እሱ ትልቁን ከመስተዋቱ በላይ ሰቅሎ፣ "የጋሼ ልጅ ድራማ ዛሬ ነው" እያለ ሠፈሩን ሰብስቧል። አሥራ ሰባት ሰው ቆጠርሁ።

መጀመሪያ ሳቁ። ባለ ልኳንዳው፣ "ይቺ ናት ደም የምትመጥጠው? ይቺን እኮ ንፋስ ይወስዳታል! እኔ ጋ ትምጣ፣ ጉበት እመርቅላታለሁ!" አለ። ፀጉር አስተካካዩም፣ "ዝም በሉ እንጂ! ምላጭ ይዣለሁ። ደም ካማራችሁ እኔም አለሁ" አለ። ደንበኛው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደለበሰ አንገቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አጣሞ ተቀምጧል።

ከዚያ ያ ቦታ መጣ። አከራይዋ አንድ ነገር ትቀልዳለች። እንግዳዋ ትስቃለች። እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ በጣቶቿ መሐል ለአፍታ ያቺ የግራ ክራንቻ ብልጭ ትላለች። ደም የለም። ጩኸት የለም። ሙዚቃ እንኳ የለም።

ቤቱ ጸጥ አለ። ምላጩ አየር ላይ ቆመ። አረፋው ከሰውየው አገጭ ላይ ጠብ ሲል ሰማሁት። ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ሰዎቹን ተመለከትሁ፤ አሥራ ሰባት ሰው አፉን ከፍቷል፤ እኔም በሙያዬ ልማድ የማን መንጋጋ እንደጎደለ አየሁ። 

በመጨረሻ ሴትየዋ የአከራይዋን በር ታንኳኳለች። "ግቢ ካላሉኝ አልገባም" ትላለች፣ አፏን እንደያዘች። ባለ ልኳንዳው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ "አትክፈችላት! አንቺ ሴትዮ፣ አትክፈች!" ብሎ ጮኸ። ከኋላ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ፣ "እኔ ግን እከፍትላት ነበር" አለች። ማንም አልሳቀባትም። ክፍሉ በሩ ሳይከፈት አለቀ።

በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ ሥራዬ ሰውን ሲያስበላ እንጂ ሰውን ዝም ሲያሰኝ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ 8

ልጄ አሮጌ ስልኳን ሰጥታኝ ነበር፤ ድራማው እዚያም ላይ ይታያል። ኮሜንት የሚባለው እንዴት እንደሚነበብ ራሴን አስተማርሁ፤ ከቁርስ እስከ ምሳ ፈጀብኝ። ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል ይላል። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት አፍ ሁሉ ቢደመር ስምንት ሺህ አይሞላም። ከዚህ በታች የገለበጥሁትን ፊደሉን አርሜ ነው፤ ሰው ቢፈራም ፊደል መግደል የለበትም።

"ደሙ የታለ? ደም ስጡን! ቫምፓየር ነው ብላችሁ ጠርታችሁን ሻይ አጠጣችሁን።"

"የሳቀች ጊዜ ፀጉሬ ቆመ። ደግሜ አየሁት። እንደገና ቆመ።"

"ይቺ ቫምፓየር ናት ወይስ የሠፈራችን እትዬ? እባካችሁ ጥርሷን አሳክሙላት።" በዚህ ብዙ ሰው ስቋል።

"ረጅም ጥርስ ያለው ጭራቅ ያስቀኛል እንጂ አያስፈራኝም። ይቺ ግን አስፈራችኝ፤ ሰው ትመስላለቻ!"

"ባሌ አልፈራሁም ብሎ መብራቱን ግን አላጠፋም።"

አንዱን አምስት ጊዜ አነበብሁት፦ "እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ልክ እንዲህ አፏን ይዛ ነበር የምትስቀው። ይቺ ሴት በሬን ብታንኳኳ፣ ደም መጣጭ መሆኗን እያወቅሁ ግቢ እላት ነበር።"

ይህን የጻፈውን ሰው አላውቀውም። ልመልስለት ፈልጌ "ወንድሜ" ብዬ ጀመርሁ። መልሼ አጠፋሁት።

እሑድ፣ 9

የባለቤቴ ታላቅ እህት ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግህ?"

"ምን አደረግሁ?"

"የእህቴን ጥርስ ቴሌቪዥን ላይ አየሁት!"

"ጥርስ ሁሉ ይመሳሰላል።"

"እሱን ለደንበኞችህ ንገር! እኔ አብሬያት ነው ያደግሁት። ልጆች ሆነን ስንጣላ በዚያች ክራንቻ የነከሰችኝ ጠባሳ ይኸው ክንዴ ላይ አለ። መጥተህ ትለካለህ?"

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዞርሁት።

"ልጅህ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ንገራት። አንተ ካልነገርሃት እኔ እነግራታለሁ። እኔ ደግሞ ስናገር አላሳጥርም።"

እንግዲህ ልጻፈው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የባለቤቴን የግራ ክራንቻ ላቃናላት ብዬ የአፏን ልክ በጀሶ ወሰድሁ። ጀሶው ደርቆ ሥራ ልጀምር ስል፣ "ተዋት፣ ይቺ የእኔ ናት" አለችኝ። ተቆጣሁ፤ ተውሁት። ጀሶው በጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ቀረ። አሁን ለተዋናይቷ የሚለበሰውን ስስ ሽፋን ከራሷ አፍ ልክ ሠራሁ፤ ከፊት የሚታየውን ቅርጽ ግን ከባለቤቴ ጀሶ ቀዳሁ። ልጄ "ሰው አምኖ በሩን የሚከፍትላት ዓይነት ጥርስ ይሁን" ብላኝ ነበር። ስምንት ሺህ አፍ አስታወስሁ፤ በሬን የምከፍተው ለአንዱ ብቻ ነው። ሕጌን የጣስሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሕጉ ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ሳለ ነው።

ሚስቴን ደም መጣጭ አደረግኋት። ይህንንም ጻፍሁት።

ሰኞ፣ 10

ልጄ መጣች። አልተቀመጠችም።

"አባዬ፣ ጣቢያው ጥርሱን አልወደደውም።"

"ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቶት?"

"አራት መቶ ገብቷል። ግን ኃላፊው፣ 'ቫምፓየራችሁ ወልጋዳ ናት እያሉ እየሳቁብን ነው። ቀጥ ያለ፣ የሚታይ ጥርስ አምጡ፤ ያለዚያ ከሦስተኛው በኋላ አንቀጥልም' ይላል። እስከ ቅዳሜ ሥራልኝ። የክፍል ሁለትን መጨረሻ እንደገና እንቀርጻለን።"

"አልሠራም።"

"ለምን?"

"ይህ ጥርስ ትክክል ነው።"

"ምኑ ነው ትክክል? አስረዳኝና ሄጄ ልከራከርልህ። እኔም እኮ እጇን ስታነሣ የሆነ ነገር ይሰማኛል። ቀረጻው ላይ 'ካት' ብዬ ማስቆም ረስቼ ነው ያ ቦታ የቀረው። ግን 'የሆነ ነገር ይሰማኛል' ብዬ ኃላፊ ፊት አልቆምም።"

መሞረጃዬን አንሥቼ ወደ ሥራዬ አጎነበስሁ። 

"እማዬም ይህንኑ ነበር የምትለኝ" አለች። "'አባትሽ ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግርሽም።'" በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። "በቃ፣ ተሠርቶ የሚሸጥ ገዝቼ አመጣለሁ። ከእንግዲህ አላስቸግርህም።"

"አላስቸግርህም" ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ማክሰኞ፣ 11

ቀጥ ያለ ለመሥራት ሰም አቀለጥሁ። ቀዘቀዘ። እንደገና አቀለጥሁ። ቀዘቀዘ። ድዱ የቆሰለ ደንበኛ መጣ፤ አስተካከልሁለት። ሰሙን ጣልሁት።

ረቡዕ፣ 12

ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሁለት ጎረምሶች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ ሆኗል አሉኝ፤ በሥራ ቦታ፣ በአውቶቡስ። ፀጉር አስተካካዩ፣ "ጋሼ፣ ልጅዎ አገሩን ሁሉ አፉን አስያዘችው፤ መንግሥት እንኳ ያልቻለውን!" አለኝ። የአንዲት ሴት እጅ የስንቱ እጅ እንደሆነ እያሰብሁ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ኮሜንቱ ስድስት ሺህ ደርሷል። አንዱ፣ "አፏን የምትሸፍነው ለምንድን ነው? ረሃቧን ለመደበቅ?" ብሎ ጠየቀ። አንዲት ሴት መለሰችለት፦ "አይደለም። ድሮ፣ ደም መጣጭ ሳትሆን በፊት፣ የምትወደው ሰው ጥርስሽ ያስቀይማል ብሏታል። ቀድሞ የተበላው እሱ ይሁን!" ዘጠኝ መቶ ሰው ተስማምቷል።

ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍሁበት።

ሐሙስ፣ 13

ባለቤቴ ዓይናፋር ነበረች እያልሁ ለሰው ስናገር ኖሬአለሁ። አልነበረችም።

የሠርጋችን ዕለት ፎቶ አንሺው "ሳቁ!" አለን። ሳቀች፤ ሙሉ አፏን ከፍታ፣ ጮክ ብላ። እኔ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ "ጥርስሽን ሸፈን አድርጊ። የጥርስ ሠሪ ሚስት ወልጋዳ ናት ይሉኛል" አልኋት። ይኸው ነው። በክፋት አልነበረም፤ በሥራዬ ኮርቼ ነበር። እጇ ወደ አፏ ሄደ፤ ፎቶውም እንደዚያ ሆኖ ወጣ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ከዚያ ወዲህ አልወረደም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። በኋላ ላቃናልሽ ያልኋት ለመካስ ይሁን ደግሞ ለመንቀፍ፣ ራሴም አልለየሁትም። "ይቺ የእኔ ናት" ስትለኝ ግን ምን እያለችኝ እንደነበር አሁን ገብቶኛል።

የተቀበረች ሰሞን ልጄ አልበሙን ሁሉ አገላበጠችና፣ "እማዬ የምትስቅበት አንድ ፎቶ እንኳ የለም?" አለችኝ። "የለም" አልኋት። ለምን እንደሌለ ጠየቀችኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ወር አንዴዋ የጀመረችው ከዚያ ነው።

ጀሶው ግን ነበር። ከተቀመጠችበት ወንበር ሦስት እርምጃ አይርቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ 15

ሱፌን ለብሼ ልጄ ሥራ ቦታ ሄድሁ። ረግጬው አላውቅም ነበር። ጠባብ ክፍል ነው፤ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ሁለት ስክሪን፣ ሻይ የደረቀበት ብርጭቆ። ብቻዋን ነበረች። ስክሪኑ ላይ ተዋናይቷ እጇ አፏ ላይ እንዳለ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ በፕላስቲክ የታሸገ፣ ቀጥ ያለ፣ ነጭ፣ የሞተ ጥርስ አየሁ።

"ሠርተህ አመጣህልኝ?"

"አልሠራሁም። ሌላ ነገር ነው ያመጣሁት።"

ጨርቁን ፈታሁ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የእናትሽ አፍ ነው።"

ጀሶውን በሁለት እጇ አነሣችው።  አውራ ጣቷን የግራ ክራንቻዋ ላይ አሳረፈች፤ ስክሪኑን አየች፤ ጀሶውን አየች፤ እንደገና ስክሪኑን አየች። እኔ ቆሜ የፎቶውን ነገር ነገርኋት። ያልሁትን ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

"እንደዚህ ነበረች?" አለች። "ሙሉው?"

"እንደዚህ ነበረች።"

"እኔ አንድ ቀን እንኳ ሙሉውን አላየሁትም እኮ፣ አባዬ። ልጇ ሆኜ።"

ይቅርታ የሚለውን ቃል በአፌ አዘጋጅቼው ነበር። እንዳልተሞረደ ጥርስ ያዘኝ። በመጨረሻ ግን ወጣ፤ ተሰባብሮ ወጣ።

"አሁን ሂድ" አለች፤ ቁጣ አልነበረበትም። "ብቻዬን ልሁን።"

ጀሶውን አልመለሰችልኝም።

ማክሰኞ፣ 18

ሦስት ቀን። አልደወለችም።

የባለቤቴ እህት ደወለች። "ልጅህ እሑድ እኔ ጋ ነበረች።"

"ምን አለች?"

"ምንም። ክንዴን አሳይኝ አለችኝ። አሳየኋት። ጀሶውን ጠባሳው ላይ አስጠግታ ለካችው። ልክ ሆነ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፣ ሳቅን፤ የቱ እንደቀደመ እንጃ።" ቀጥላም፣ "ብላ እንጂ፤ ድምፅህ ከስቷል" አለችኝ። በአርባ ሁለት ዓመት ዝምድና እንዲህ ያለ ቃል አልሰማሁባትም።

ዓርብ፣ 21፣ ምሽት

ክፍል ሁለት። ፀጉር አስተካካዩ ቤት አርባ ሰው ይሆናል፤ የተረፈው መንገድ ላይ ቆሞ በመስኮት ያያል። "ዛሬ ምላጭ አልነካም" ብሏል። "ባለፈው የሰውየውን ግማሽ ጺም ረስቼ ነው የሸኘሁት።"

ሊጀምር ሲል ልጄ ገባች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጣቢያው ምን አለ?" አልኋት።

"'የሚታይ ጥርስ' ነው ያሉት" አለች፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። "ይታያል።"

መጨረሻው ላይ አከራይዋ በሩን ከፈተች። ባለ ልኳንዳው ራሱን ያዘ። እንግዳዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ እጇ አፏ ላይ ነው። አከራይዋ፣ "አንቺ፣ ሁልጊዜ አፍሽን የምትሸፍኚው ለምንድን ነው?" አለቻት።

"አንድ ሰው ሸፍኚ ብሎኝ ነው።"

"እሱ እዚህ የለ! አውርጂው እንጂ።"

እጇ ወረደ። ቀስ ብሎ፣ ብዙ ዓመት እንደፈጀበት ሆኖ ወረደ። ከዚያ ሳቀች። ሙሉ አፏን ከፍታ፣ ጮክ ብላ፣ ወልጋዳዋ ክራንቻ ከንፈሯን አንሥታ፣ ብርሃኑ ሁሉ እሷ ላይ አርፎ። ዓይኑ የተዋናይቷ ነው፤ ድምፁ የተዋናይቷ ነው። አፉ ግን ፎቶ አንሺው "ሳቁ" ሲል ያየሁት ነው። አርባ ሁለት ዓመት አልፎ ተመልሶ መጣ፤ አላረጀም። ጀሶ ለውሼ፣ ሰም አቅልጬ፣ ሞርጄ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ሊወጣ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

"ግቢ" አለች አከራይዋ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ያውቃል። ማንም አልጮኸም።  ልብስ ሰፊዋ፣ "ምን ዓይነት ሳቅ ነው!" አለች። ባለ ልኳንዳው ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ፣ "አለቀላት፤ ግን እኔም ብሆን ግቢ እል ነበር" አለ።

የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ማለፍ ሲጀምር ፀጉር አስተካካዩ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ጥርስ ከየት አመጡት?"

ሰው ሁሉ ዞረ። ልመልስለት ስል ድምፄ አልወጣም። የራሴ እጅ አፌን ግጥም አድርጎ ይዞት እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ልጄ አንጓዬን ያዘች፤ መዳፏ ጀሶ ጀሶ ይላል።

"አውርደው፣ አባዬ" አለችኝ።

አወረድሁት።

"የባለቤቴ ነው" አልሁ፣ መንገድ ላይ የቆሙትም እንዲሰሙ።